ድመታችን ጧሂር ናት፤ ክትባቷስ?



ድመት በቤታችን እንግዳ አይደለችም። መስገጃችን ላይ ትተኛለች፣ ከማዕዳችን ጥግ ትቀመጣለች። ታላቁ ሰሓባ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንኳ የሚታወቁበትን መጠሪያ ያገኙት ከድመት ነው። አቡ ቀታዳም (ረ.ዐ) ለውዱእ ከቀረበላቸው ውኃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን አዘንብለው እንዳጠጧት፣ ነጃሳ አለመሆኗንም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደሰሙ ተዘግቧል።

ታዲያ «ድመታችሁን አስከትባችኋል?» ስንባል ብዙዎቻችን የምንመልሰው «ድመት'ኮ ንጹሕ ናት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ የውሻ ነው» ብለን ነው። እዚህ መልስ ውስጥ ሁለት ስህተት አለ።

አንደኛ፦ ጧሃራ የዒባዳ ሑክም ነው። ድመት የቀመሰችው ውኃ ለውዱእ ይሆናል ማለት ድመቷ አትታመምም ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፦ የበሽታው ስም አሳስቶናል። «የእብድ ውሻ» ይባል እንጂ ድመትንም፣ አህያንም፣ ከብትንም ይይዛል። ማታ ወጥታ በታመመ ውሻ የተነከሰች ድመት በሽታውን ቤት ይዛ ልትገባ ትችላለች። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱ 100 ሰዎች 40ዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ደግሞ ድመት ብትቧጭረው ቁጣ ፈርቶ ይደብቃል።

ለድመት የሚመከሩት ዋና ክትባቶች ሁለት ናቸው። አንዱ ድመቷን ራሷን ከከባድ ተቅማጥና ከጉንፋን መሰል በሽታዎች የሚጠብቃት ነው፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆናት ተጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንቷ ይደጋገማል። ሌላው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ነው፤ 3 ወር ሲሞላት ትወጋለች፣ ከዓመት በኋላ ይደገምላታል፣ ከዚያም እንደ ክትባቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየ3 ዓመቱ ይሰጣታል።

አቅም ካለን ሁለቱንም እናስከትብ። ኪሳችን አንዱን ብቻ ከቻለ ግን የእብድ ውሻው ይቅደም እንላለን። የመጀመሪያው የድመቷ ሐቅ ነው፤ ሁለተኛው ግን የድመቷም፣ የልጆቻችንም፣ የጎረቤትም ሐቅ ነው። ጎረቤትን ከጉዳታችን መጠበቅ ደግሞ ዲናችን ነው።

ድመት ከነከሰችን ወይም ከቧጨረችን ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እንጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ እንሂድ። ዱዓውና ሩቅያው ከሕክምናው ጋር ይሁን እንጂ ሕክምናውን አይተካም። ሰበብ ሳያደርሱ መቀመጥ ተወኩል አይደለም።

ድመት አስራ በማስራቧ የተቀጣችውን ሴት ሐዲስ ሁላችንም እናውቃለን። እንስሳ በእጃችን ከገባች አማና ናት። ፎቶዋን ከመለጠፋችን በፊት የክትባት ካርዷን እናውጣላት።

አላህ የአማናችን ጠባቂዎች ያድርገን። ወላሁ አዕለም።