«ፈንግል ነው» ብሎ መገላገል

ማታ ስድስቱም ዶሮዎች በጤና ቤታቸው ገብተዋል። ጠዋት፣ ኮተቤ አካባቢ የሚኖሩት ጡረተኛ እናት ጥሬ ይዘው በሩን ሲከፍቱ ሁለቱ ተጋድመው ደርቀዋል። አንዷ አንገቷ ተጣሞ ታቃስታለች። ጎረቤት በአጥር ብቅ ብላ አየችና በአንድ ቃል ጨረሰችው፦ «ፈንግል ነው እማማ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው በየሰፈሩ የሚሆነው ነው። የሞቱት በፌስታል ተደርገው ወንዝ ዳር ተጣሉ። የምታቃስተው ሳትሞት ታረደች፤ ላባና እጣቢዋ አጥር ጥግ ተደፋ። ደህና የሚመስሉት ሦስቱ «ሳይቀደም» ተብሎ በዚያው ቀን ገበያ ወጡ። ለገዢው የተነገረው ነገር የለም።

በእኚህ እናት መፍረድ ቀላል ነው። የእንቁላሉ ገንዘብ ግን የደም ግፊት ኪኒናቸው ነበር፤ የልጅ ልጃቸው ደብተርም ነበር። ላም የሞተበትን ሰው ጎረቤቱ ሁሉ «እግዜር ይተካ» ይለዋል። ዶሮ የሞተበትን ግን ማን ያጽናናዋል? እንዲያውም ይሳቅበታል። ያ ሳቅ ነው ሰውን ዝም ብሎ ወንዝ ዳር የሚያስጥለው።

ፈንግል የሐሰት በሽታ አይደለም። ሐኪሞቹ ኒውካስል የሚሉት ቫይረስ ነው፤ አንገት ያጣምማል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ያልተከተበ መንጋ በጥቂት ቀን ሊጨርስ ይችላል። ችግሩ ስሙ የሞት ሁሉ ስም መሆኑ ነው። የዶሮ ኮሌራም በአንድ ሌሊት ይገድላል፤ እሱ ግን ባክቴሪያ ስለሆነ ቶሎ ከተደረሰበት የቀሩትን በመድኃኒት ማትረፍ ይቻላል። ለአይጥ የተቀመጠ መርዝ አለ። ክረምት ላይ የሻገተ መኖ አለ። ለሞተችው ልዩነት የለውም። በሕይወት ላሉት ግን ልዩነቱ ብዙ ነው፤ መርዝ ከሆነ መርዙን ማንሳት፣ ኮሌራ ከሆነ ማከም፣ ፈንግል ከሆነ ደግሞ ከሱቅ የተገዛ የቴትራሳይክሊን ዱቄት ውሃ ውስጥ እየበጠበጡ ብር አለመጨረስ። ቫይረስ በዚያ አይሞትም።

መልሱ ያለው ወንዝ ዳር በተጣለው ፌስታል ውስጥ ነበር። በድኗ ሳትሸት፣ በሁለት ፌስታል ተደርባ፣ በዚያው ጠዋት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ብትወሰድ ባለሙያ ከፍቶ ያያታል። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። እውነት ለመናገር፣ ላምና በሬ በሚጠበቅበት በር ሁለት የሞቱ ዶሮዎች ይዞ መቆም ራሱ ያሳፍራል።

ክትባቱ የውጭ አገር ዕቃ አይደለም፤ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ያመርተዋል። ግን አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ ነው፤ ከተበጠበጠ ደግሞ አያድርም። ስድስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ምን ታድርገው? ሰፈሩ በአንድ ቀን ዶሮውን ሰብስቦ ካላስከተበ የማይሆን ነገር ነው። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስንት ጫጩት እንደታደለ በየሪፖርቱ ይነበባል። ከታደለው ስንቱ ዓመት እንደደፈነ የሚያነብ ግን እምብዛም አይሰማም። ጫጩት የሚያድል አካል ለዚያው መንደር ቋሚ የክትባት ቀን ካላደለ፣ ያደለው የአንድ ክረምት ደስታ ነው።

እናትየው ዘግይተውም ቢሆን ባለሙያ ጠየቁ። የዶሮ ቤቱን ኩስ ጠርገው ቀበሩ፣ በበረኪና አጠቡት። ልጃቸው ለበዓል ሁለት ቄብ ላምጣ ብሎ ደውሎ ነበር፤ «ሦስት ሳምንት ይቆይ» አሉት። በአጥሩ ቀዳዳ የገቡት የጎረቤት ዶሮዎች ላባው የተደፋበትን ጥግ እየጫሩ ነው።