ያልተጨረሰው ዓረፍተ ነገር

ባለፈው ሰሞን ማታ በመኝታ ቤታችን ስለ ቀልደኞች ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። አንደኛው ጓደኛችን፣ ቀልደኛ ማለት የጨቋኝ ረዳት ነው፤ ሕዝቡ በሳቅ ቁጣውን አውጥቶ ወደ ቤቱ ገብቶ እንዲተኛ ያደርጋል አለ። ሁለተኛው ደግሞ፣ የለም፤ ሌላው ዝም ሲል የሚናገር ጀግና እርሱ ብቻ ነው ሲል ተቃወመ። ሁለቱም ብዙ ተናገሩ፤ ግን አንድም ቀልደኛ በስሙ ጠርተው እንዲህ አደረገ፣ እንዲህም ደረሰበት አላሉም። እኔ በዚያች ሌሊት ያላነሣሁትን ሰው ዛሬ ላነሣ እፈልጋለሁ፤ ጀርመናዊውን ቬርነር ፊንክን።

ፊንክ በ1902 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በጌርሊትስ ከተማ ተወለደ። በ1929 ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር በበርሊን «ካታኮምበ» የተባለ ትንሽ የቀልድና የዘፈን መድረክ አቋቋመ። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ከሙያ ጓደኞቹ ብዙዎቹ አገር ጥለው ተሰደዱ፤ ካታኮምበ ግን መጋረጃውን እየከፈተ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ።

እንዴት ሊቆይ ቻለ? ምስጢሩ ያለው በሰውየው አነጋገር ላይ ነው። ፊንክ ጮሆ የሚናገር ሰው አልነበረም። መድረክ ላይ ወጥቶ እንደ ዓይን አፋር ልጅ ይንተባተባል፤ ዓረፍተ ነገር ይጀምርና ከመካከል ላይ የጠፋበት መስሎ ያቆማል። የቀረውን ቃል ተመልካቹ በልቡ ይጨርሰዋል፤ ሳቁም ያን ጊዜ ይፈነዳል።

ከሥራዎቹ ሁሉ የታወቀው የልብስ ሰፊው ጨዋታ ነው። ደንበኛው ልብስ ሊያሰፋ ይመጣል፤ ልብስ ሰፊውም ሲለካው ሰውየው ቀኝ እጁን ወደ ላይ እንደ ዘረጋ ይቀራል። የናዚዎችን ሰላምታ ያስታውሷል። እጅህን ለምን አታወርድም፣ ይህስ ምን ማለት ነው ተብሎ ሲጠየቅ በሁለት ቃል ይመልሳል። የጀርመንኛው መልስ በሰሙ «የተነሣ ቀኝ እጅ» ማለት ነው፤ በወርቁ ግን «የተሻሩ መብቶች» ማለት ነው። በጀርመንኛ ቀኝ እጅና መብት በአንድ ቃል ይጠራሉና። የእኛም «ተነሣ» ከፍ አለ ማለትም፣ ቀረ ወይም ተሻረ ማለትም ስለሚሆን የቅኔው እኩሌታ ወደ አማርኛ ይሻገራል፤ እኩሌታው ግን እዚያው ጀርመን አገር ይቀራል። የአገሩ ሕገ መንግሥት የሰጠው የዜጎች መብት በየካቲት 1933 በአንድ ዐዋጅ የታገደ ስለ ነበረ፣ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ትርጓሜ አላስፈለገውም።

ከተመልካቾቹ መካከል ቃሉን እየመዘገቡ የሚወስዱ ሰላዮች መቀመጣቸውን ፊንክ ያውቅ ነበር። ወደ እነርሱም ዞር ብሎ፣ እየተከተላችሁኝ ነው ወይስ እኔ ልከተላችሁ ብሎ ይጠይቃቸው ነበር። አንድ ተሳዳቢ አይሁድ ነህ ብሎ ቢጮኽበትም፣ አይደለሁም፤ አስተዋይ ስለምመስል ነው ብሎ እንደ መለሰለት ይነገራል።

ግንቦት 10 ቀን 1935 ካታኮምበ በጎብልስ ትእዛዝ ተዘጋ። ፊንክም ከባልደረቦቹ ጋር ተይዞ ወደ ኤስተርቬገን ማጎሪያ ሰፈር ተላከ፤ ያን ጊዜ ታላቁ የሰላም ጸሐፊ ካርል ፎን ኦሲየትስኪም በዚያው ሰፈር እየማቀቀ ነበር። በእስረኞቹ ፊት ቀልድ አሳይቶ እንደ ነበረና፣ በርሊን ሳለን ወደዚህ እንዳንመጣ እንፈራ ነበር፤ አሁን መጥተናልና ፍርሃቱ ቀረልን የሚል ነገር እንደ ተናገረ ኋላ ራሱ አውስቷል። በሐምሌ መጀመሪያ ተለቀቀ። የተለቀቀው ግን ፍትሕ ተገኝቶ አይደለም፤ ኬተ ዶርሽ የተባለች ዝነኛ ተዋናይት ከጌሪንግ ጋር በነበራት የቆየ ትውውቅ አማልዳው ነው። በጥቅምት ፍርድ ቤት ቀርቦ በማስረጃ ጉድለት ነጻ ወጣ። እንደ እኔ አስተያየት ነጻ ያወጣው ያው ያልተጨረሰው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዳኛ ያልተነገረ ቃል በመዝገብ ሊያሰፍር አይችልምና።

እዚህ ላይ ያ የመጀመሪያው ጓደኛዬ ደስ የሚለው ነገር ይመጣል። በ1939 ጎብልስ ፊንክን ከኪነ ጥበብ ሰዎች ማኅበር አስወጥቶ ሥራ ከለከለው። ፊንክም እንደገና እንዳይታሰር ሲል በፈቃዱ ወታደር ሆኖ፣ የቀለደበትን መንግሥት የደንብ ልብስ ለብሶ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ አገለገለ። ኒሻንም አገኘ። ይህን መደበቅ አይገባም፤ ጀግና ነው ብለው ሐውልት ሊያቆሙለት ለሚፈልጉ ሁሉ መነገር አለበት። ነገር ግን ይህን መሸሸጊያ እንኳ ያላገኙ ነበሩ። የቪየናው ቀልደኛ ፍሪትዝ ግሩንባውም አይሁዳዊ ስለ ነበረ አማላጅ አልተገኘለትም፤ በጥር 1941 በዳኻው ማጎሪያ ሞተ። የበርሊኑ ኩርት ጌሮንም በ1944 በአውሽቪትስ ተገደለ። ሮበርት ዶርሳይ አይሁዳዊ ባይሆንም በመንግሥቱ ላይ በመቀለዱና በጻፈው ደብዳቤ ምክንያት በጥቅምት 1943 በበርሊን በሞት ተቀጣ። እንግዲህ ፊንክ የዳነው ከእነዚህ ይበልጥ ብልኅ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። በ1950 ደግሞ «አክራሪ መካከለኛ» የተባለ የቀልድ ፓርቲ አቋቁሞ፣ የአባልነቱን ምልክት የመርፌ ቁልፍ አደረገው። እኔ ከዓርማዎች ሁሉ ይህን እወዳለሁ። በ1978 በሙኒክ አረፈ።

ሳቅ የቁጣ ማስተንፈሻ ነው የተባለውን በፍጹም ሐሰት ነው አልልም። ጎብልስ ያን መድረክ ሁለት ዓመት ሲታገሠው ይህንኑ አስቦ ይሆናል። ነገር ግን ማስተንፈሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለምን ዘጋው? ጓደኞቼ ሁለቱም የፈረዱት በተናጋሪው ላይ ነው፤ እኔ ግን ስለ ተመልካቹ ልጠይቅ እወዳለሁ። ዓረፍተ ነገሩን ፊንክ ጀመረው እንጂ አልጨረሰውም። የጨረሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሣቀው ሕዝብ ነው። ጌስታፖ ሲመጣ የተወሰደው ግን ጀማሪው ነው፤ ጨራሾቹ ካፖርታቸውን ለብሰው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ይህን የምጽፈው ከሌላ አገር ሰው ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ የክፍላችን ልጅ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ስለ ምግባችን አንዲት ቃል ወርወር አደረገ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ እኔም መዳፌ እስኪቀላ ድረስ አጨበጨብሁ። በማግሥቱ ልጁ ተጠርቶ ለሁለት ሳምንት ከትምህርት ታገደ። ካጨበጨብነው ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ሄዶ፣ እኛም እንዲሁ ነው የምናስበው አላለም። ልጁ ከተመለሰ በኋላ ያቺን ቃል አልደገማትም፤ እኛም እንዲደግማት አልጠየቅነውም።