የክረምቱ ዕረፍት ሲቃረብ

የዓመቱ ፈተና ሲያልቅ ወደ በሌ፣ ወደ ሃላሌ፣ ወደ አረካና ወደ ቦዲቲ የሚሄደው ተማሪ የሶዶን መናኸሪያ እንደሚያጥለቀልቀው ሁላችን የምናውቀው ነው። ከወላጅ ዘንድ መድረስን የመሰለ ደስታ የለም። ዳሩ ግን የምንጓዝበት ወራት ክረምት ስለ ሆነ፣ ከመለያየታችን በፊት ጥቂት ቃል መናገር ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል።

አውቶቡስ ሲጠፋና ሲመሽ በጭነት መኪና ላይ መንጠልጠል በእኛ ዘንድ እንደ ጉብዝና ይቆጠራል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሲዳማ፣ በቦና አካባቢ፣ ሰርገኞችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ቢያንስ 71 ሰዎች አልቀዋል፤ ያውም በበጋ። የጭነት መኪና ሲገለበጥ ሰውን የሚይዝበት አንዳች ነገር የለውም። ስለዚህ የመሸበት ተማሪ አድሮ በማለዳ ይሂድ። መምህራኖቻችንንም የመጨረሻውን ቀን ፈተና ከሰዓት በኋላ እንዳያደርጉብን በትሕትና እንለምናለን፤ ሌሊት የሚያስጉዘን ብዙ ጊዜ ይኸው ነውና።

ከመንገዱ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ቤት ከደረስን በኋላ ያለው ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ተራራው ተንዶ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት እሪታውን ሰምቶ ሊቆፍር ሲሯሯጥ ሁለተኛው ናዳ ወርዶ ሕዝቡን ከላይ ሸፈነው። ከ200 በላይ ሰው ሲሞት፣ ብዙዎቹ ለርዳታ የደረሱ ነበሩ፤ አስተማሪዎችና የጤና ሠራተኞችም አሉባቸው። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ፣ ሐምሌ 29 ቀን፣ ናዳው ወደ እኛው መጥቶ ሃላሌ በምትገኝበት በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ቢያንስ 11 ሰዎችን ገደለ።

ለእሪታ ሮጦ መድረስ ያደግንበት ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተናደ ቁልቁለት ዝናቡ ሳያባራ እንደገና ሊናድ ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ከሁሉ በፊት ሕፃናቱንና ተመልካቹን ሕዝብ ከናዳው መውረጃ ያርቅ፤ ሽቅብ የሚመለከትና የሚጮኽ ሰው ያቁም፤ የሚቆፍሩትም ጥቂት ይሁኑ። አባቶች ቢቆጡም እንኳ ይህን መናገር ይገባል።

ከዚያ አስቀድሞ ግን ምልክት አለ። ከቤት በላይ ያለው መሬት ሲሰነጠቅ፣ ዛፍ ሲያዘነብል፣ ንጹሕ የነበረ ምንጭ በድንገት ሲደፈርስ፣ ያን ሌሊት ከሜዳው ዘመድ ቤት ማደር ነው። እናት «የአባትህን ቤት ጥለህ ወዴት?» ትል ይሆናል። አንድ ሌሊት ብቻ ብሎ መለመን አያሳፍርም። ብርዱ ሲጠና ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ መተኛትም እንዲሁ ይቅር፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል።

በአንድ መንገድ የምትሄዱ ጓደኞች አውቶቡስ በኅብረት እንድንከራይ፣ ስማችሁንና የምትወርዱበትን ቦታ ከፈተናው ሳምንት በፊት ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ።