ሞቶ የማይቀር ጀግና

የልዕለ ጀግኖች ፊልም ተመልካቹን ያሰለቸው አንድ ዓይነት ታሪክ እየደጋገመ ስለሚተርክ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን በዚህ ፍርድ አልስማማም። ገድለ ቅዱሳንን ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ ልደቱና ምናኔው፣ ፈተናውና ቃል ኪዳኑ፣ በመጨረሻም ዕረፍቱ በየገድሉ በአንድ ሥርዐት ቢከታተሉም፣ የጻድቁ መከራ እውነተኛ ሆኖ እስከ ተሰማው ድረስ አንባቢው አይሰለችም። ሆሊውድ የሚያወጣቸውን እነዚህን ፊልሞች ያደከማቸው ሞት ከውስጣቸው መጥፋቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ጆን ፋቭሮ ያዘጋጀውን «አይረን ማን» እናስታውስ። መሣሪያ ሸጦ የከበረው ቶኒ ስታርክ በአፍጋኒስታን ዋሻ ውስጥ ታስሮ፣ የራሱ ፋብሪካ ከሠራቸው ሚሳይሎች ብረት እየፈታና በመዶሻ እየቀጠቀጠ የጦር ልብሱን ያበጃል፤ ደረቱን ቀዶ ከሞት ያተረፈው ዪንሰንም ለእርሱ ማምለጫ ጊዜ ለመግዛት ሲል ይሞታል፣ ሞቶም ይቀራል። የዚያ ሰው ደም ዕዳ ሆኖ ስታርክን ስለተከተለው ነው፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ«አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» ስታርክ ራሱን መሥዋዕት ሲያደርግ በየአገሩ ሲኒማ ቤቶች የተቀመጠው ሕዝብ ያለቀሰው።

ያ ፊልም ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ከዚያ ወዲህ ፊልሞቹን የሚያወጣው ስቱዲዮ ማርቭል በፊልሙ ላይ የባለቤቱን የዲዝኒን የቴሌቪዥን ተከታታይ ደረበበት፤ ትይዩ ዓለማት የሚባል ብልሃትም አገኘ፤ ይኸውም በአንዱ ዓለም የሞተውን ከሌላው ዓለም አምጥቶ መተካት ነው። ሞት ያልቀደመው ትንሣኤ ግን ማንንም ደስ አያሰኝም። በ2023 የወጣው «ዘ ማርቭልስ» ከስቱዲዮው ፊልሞች ሁሉ ዝቅተኛውን ገቢ አስመዘገበ፤ በዚያን ጊዜ የዲዝኒ ሹም የነበሩት ቦብ አይገርም የሥራው መብዛት የሠሪዎቹን ትኩረት እንደበታተነው በይፋ ተናገሩ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን የ«ሎጋን» ነገር ነው። በ2017 ጄምስ ማንጎልድ ባዘጋጀው በዚህ ፊልም፣ ሂው ጃክማን የሚጫወተው ተዋጊ ዎልቨሪን ቁስሉ እንደ ድሮው አልሽር ብሎት፣ ለማንበብ መነጽር እየፈለገ፣ አእምሮው የደከመውን አረጋዊ መምህሩን ተሸክሞ ወደ አልጋው ሲወስድ እናየዋለን። በመጨረሻ ይሞታል፤ ሲጠብቃት የቆየችው ልጅ ላውራም በመቃብሩ ላይ የተተከለውን መስቀል ነቅላ፣ አጋድማ የጀግናው ቡድን ምልክት የሆነውን «ኤክስ» እንዲመስል አድርጋ መልሳ ትተክለዋለች። ልዕለ ጀግና እንደ ሰው ሲያልቅ ከዚህ በላቀ ክብር ያሳየ ፊልም አላውቅም። በ2024 የወጣው «ዴድፑል እና ዎልቨሪን» የሚጀምረው ይህንኑ መቃብር ቆፍሮ፣ ዐፅሙን አውጥቶ፣ አጥንቱን የጠብ መሣሪያ በማድረግ ነው። ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ተመልካቹም ስቋል። እኔ ግን ያ ሣቅ ከተከበረ ሐዘን ላይ የተወሰደ ብድር መሆኑን አልሸሽግም፤ እንዲህ ያለውን ሐዘን በድጋሚ ለመገንባት ደግሞ ብዙ ዓመት ይፈልጋል።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ማርቭል በሳን ዲዬጎ ጉባኤ ላይ፣ ስታርክን የተጫወተው ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ተመልሶ በአዲስ ፊልም ዶክተር ዱም የተባለውን ጠላት እንደሚጫወት አስታወቀ። በተዋናዩ ጥበብ አልጠራጠርም፤ ፊልሙንም ገብቼ አየዋለሁ። አዘጋጆቹን የምለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቶኒ ስታርክን በሞተበት ይተዉት።