ተያዥ የሌለው ሰው

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» ይላሉ፣ ደጋግሞ የሰረቀ ሁሉ ዕድሜውን ይቆለፍበት ባዮች። የእኔም ቤት ሁለት ጊዜ ተሰብሯልና ምሬታቸውን አልክድም። ነገር ግን ወገኖቼ፣ «ወህኒ»ን «ማረሚያ» ስንል ከስሙ በቀር ምን አረምን? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 1 ጥፋተኛውን መቅጣትን ብቻ ሳይሆን ማረምንም ዓላማው አድርጓል። እስረኛው ተፈትቶ ሥራ ሲለምን ግን «ተያዥ አምጣ» ይባላል። እኔ ባንክ የገባሁት አጎቴ ስለ ፈረሙልኝ ነው። ለእርሱስ ማን ይፈርማል? ከቀድሞ ግብረ አበሩ በቀር ማን ይቀበለዋል?

አይታሰር አልልም፤ ይታሰር። ዓመት መደራረቡ ግን የሚፈታበትን ቀን ያርቃል እንጂ አያስቀርም። ያለ ሙያና ያለ ዋስ ከለቀቅነው፣ ለሦስተኛው ስርቆት ተያዦቹ እኛው ነን።