የአበባና የችግኝ ስጦታ ንግድ በወልቂጤ፥ በእምድብርና በቡታጅራ

ንግድ የሚጸናው በሕዝብ ልማድ ላይ ሲመሠረት መሆኑን ጠንቃቃ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ሕዝቡ የማያውቀውን ዕቃ አምጥቶ ለማስለመድ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ያስፈልጋል፤ ልማዱ አስቀድሞ ያለ እንደ ሆነ ግን ለነጋዴው የሚቀረው ሥራ ዕቃውን በሚገባ አዘጋጅቶ ማቅረብ ነው። አበባን በስጦታ መስጠት ከባሕር ማዶ የመጣ ወግ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አባባላቸው ግን ልማዱን በደንብ ካለመመልከት የመጣ ነው። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ እያሉ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ፤ ወንዶች ልጆችም የአበባ ሥዕል ሥለው ለጎረቤት ያበረክታሉ፤ ተቀባዩም እንደ ዐቅሙ ገንዘብ ይሰጣል። በዓል በደረሰ ጊዜ በቤት ወለል ላይ የሚጎዘጎዘው ቄጤማም በገበያ የሚሸጥና የሚገዛ ነው። ለአንድ ቀን ጕዝጓዝ ገንዘብ የሚከፍል ሕዝብ ለአበባ አይከፍልም ማለት የገበያን ጠባይ አለማስተዋል ይሆናል።

ይሁን እንጂ በወልቂጤ፥ በእምድብርና በቡታጅራ አንድ ሰው ለሠርግ፥ ለምርቃት፥ ለአዲስ ቤት ወይም ለአራስ ጥየቃ አበባ ይዞ ለመሄድ ቢፈልግ አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ የሚያገኘው ከውጭ አገር የመጣውን የፕላስቲክ አበባ ነው። ይህ አበባ መዓዛ የለውም፤ አያድግም፤ አቧራ በለበሰ ጊዜ ይጣላል። ዋጋውም የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የብር የመግዛት ዐቅም በእጅጉ ስለ ቀነሰ፥ ለጌጥ ብቻ የሚመጣ ዕቃ በአስመጪውም በገዥውም ላይ ከብዷል። ስለዚህ የነዚህ ከተሞች ነጋዴዎች የአበባ ስጦታን ንግድ በአገር ውስጥ በሚገኝ ሕያው ተክል ላይ ቢመሠርቱት፥ በተለይም ከተቆረጠው ጽጌረዳ አስቀድመው በሸክላ በተተከለው ችግኝ ቢጀምሩ፥ ትርፋቸው የተሻለና የጸና ይሆናል።

ችግኙ ለምን እንደሚቀድም ለማስረዳት በመጀመሪያ የጽጌረዳውን ንግድ መመልከት ያስፈልጋል። ከቡታጅራ በስተ ምሥራቅ፥ በመኪና ብዙ በማያርቅ መንገድ፥ በደምበል ሐይቅ ዳር የምትገኘው ባቱ፥ ቀድሞ ዝዋይ ትባል የነበረችው ከተማ፥ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ከኢትዮጵያ ታላላቅ የጽጌረዳ ማምረቻዎች አንዷ ሆናለች። ወደ አውሮፓ የሚላከው ጽጌረዳ እንደ ተቆረጠ ወዲያው ወደ ማቀዝቀዣ ክፍል ይገባል፤ በየርዝመቱ ተለይቶ ይታሰራል፤ በካርቶን ታሽጎ በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ቦሌ ይጓዛል፤ ከዚያም በጭነት አውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሻገራል። ከፊሉ በሆላንድ አገር በአልስሜር በሚገኘው ታላቅ የጨረታ ገበያ፥ ከፊሉም በቀጥታ ለታላላቅ መደብሮች ይሸጣል። ኢትዮጵያም በዚህ ንግድ ከአፍሪካ አገሮች ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ለመሆን በቅታለች።

ይህ ንግድ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ፥ ለብዙ ሺህ ሠራተኞችም እንጀራ ያመጣ ነው። ሆኖም በአንድ ገበያ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ንግድ ምን ጊዜም ሥጋት አለበት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የአውሮፓን ሱቆች ባዘጋ ጊዜ የአበባ ዋጋ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ወደቀ፤ ገዥ ያጣውም አበባ ተጣለ። ከሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ወደ ግዛቱ በሚገባው ጽጌረዳ ላይ የተባይ ቁጥጥሩን አጥብቆአል። ላኪዎች የአገር ውስጡን ገበያ እንደ ትርፍራፊ መጣያ ሳይሆን እንደ ሁለተኛ እግር ሊቈጥሩት የሚገባቸው ለዚህ ነው። በቢሾፍቱና በሐዋሳ ሐይቆች ዳር በሚደረጉት ሠርጎችና ግብዣዎች፥ በአዲስ አበባም የአበባ መሸጫዎች፥ በገንዘቡ አበባ የሚገዛ ኢትዮጵያዊ መኖሩ በግልጽ የሚታይ ነው።

ታዲያ ጽጌረዳውን ከባቱ ወደ ቡታጅራና ወደ ወልቂጤ ማምጣት ብቻ አይበቃምን? የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ በሒሳብ መዝገብ ላይ ይገኛል። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለሱቅ 100 ጽጌረዳ እያንዳንዱን በ20 ብር ቢገዛ 2,000 ብር ያወጣል። ጽጌረዳ ሳይጠወልግ እንዲቆይ ከ2 እስከ 5 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ባለሱቅ በጥቂት ቀን ውስጥ 40ው ቢጠወልግበት የቀረው 60 የጠቅላላውን ወጪ ይሸከማል። ይኸውም አንዱን ከ33 ብር በላይ ካልሸጠ ዋናውን እንኳ አይመልስም፤ የመኪናውና የሱቁ ኪራይም በዚህ ውስጥ ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ በነዚህ ከተሞች የተቆረጠ ጽጌረዳ መነገድ ያለበት በትእዛዝና በቀብድ ነው። ሠርገኛው ከሳምንት በፊት ቀብድ ይከፍላል፤ አበባው በሠርጉ ዋዜማ ይመጣል፤ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ግን አያድርም።

በሸክላ የተተከለው ችግኝ ጠባዩ ሌላ ነው። ጽጌረዳ በሱቅ በቆየ ቍጥር ዋጋው ይቀንሳል፤ ችግኝ ግን በቆየ ቍጥር ያድጋል፤ ዋጋውም ከርሱ ጋር ያድጋል። ይህንንም የሌላው አገር ነጋዴ አስቀድሞ ተረድቶታል። አረቢካ የሚባለው የኢትዮጵያ ቡና በአውሮፓ የአበባ መደብሮች በትንሽ ማሰሮ ተተክሎ የቤት ጌጥ ሆኖ ይሸጣል። በኢትዮጵያ ተራሮች የሚበቅል፥ አበባው ነጭ፥ መካከሉ ወይን ጠጅ፥ መዓዛውም የሚያውድ አንድ የግላዲዮለስ ዓይነት «የሐበሻ ግላዲዮለስ» እየተባለ ሥሩ በዓለም የአበባ ንግድ ይሸጣል። ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀልሙበት እንሶስላም ትልልቅ ነጭ አበባ ስላለው በእንግሊዝ አገር አትክልተኞች ዘንድ የተወደደ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የእንሰት ነገር ነው። ቅጠሉ ቀላ ያለው የእንሰት ዓይነት በአውሮፓ «የሐበሻ ሙዝ» ተብሎ በማሰሮ ይሸጣል፤ ገዥውም ክረምት በገባ ጊዜ ከውርጭ ለማዳን ወደ ቤት ያስገባዋል። በቸሃ ግን የእንሰት ጓሮ የቤተ ሰብ ጎተራ ነው፤ አምቾውን ቆርጦ በመቅበር ከአንድ ሥር ብዙ ችግኝ ማውጣትም በየቤቱ ሲወራረስ የኖረ ሙያ ነው። ባሕር ማዶ ያለ ሰው በውድ ዋጋ የሚገዛው ዕውቀት በእምድብር ጓሮዎች ውስጥ በነጻ ይገኛል፤ የጐደለው ዕውቀቱን ወደ ንግድ የሚመራ ነጋዴ ነው። ቡና፥ እንሶስላ፥ ጤና አዳም፥ ቀጋ፥ ቀይ እንሰትና የጽጌረዳ ችግኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃሉ። የአገሩ ሸክላ ሠሪ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ማሰሮና ውኃ የሚቀበል ጣባ ቢሠራ ደግሞ ከስጦታው ዋጋ አንዱ ክፍል ለርሱ ይደርሰዋል።

ገዥው ማን ይሆናል? የጉራጌ ተወላጅ ነጋዴ በመርካቶም ሆነ በሌላ ከተማ ቢኖር ለመስቀል ወደ ትውልድ አገሩ መግባቱ የታወቀ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአገሩ ልጆች በማኅበር ተሰብስበው ገንዘብ በማዋጣት ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ እስከ ማሠራት ደርሰዋል። ለአገሩ መንገድ የላከ ሕዝብ ለእናቱ ደጅ አንድ ችግኝ ለመላክ አይሰንፍም። በበዓሉ መገኘት ያልቻለው፥ ወይም በባሕር ማዶ የሚኖረው፥ ስጦታውን ከሩቅ የሚያዝበት የታመነ ሱቅ ብቻ ያስፈልገዋል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ዋጋውን በስልክ መክፈል ቀላል ሆኗል። ባለሱቁ ትእዛዙን በስልክ ተቀብሎ፥ ችግኙን መርጦ፥ የላኪውን ስምና መልእክት በጥሩ ጽሕፈት በካርድ ላይ ጽፎ፥ ከወልቂጤ እስከ እምድብርና እስከ ገጠሩ መንደር በታመነ ሰው ቢያደርስ፥ የርክክቡንም ፎቶግራፍ ለላኪው ቢልክ፥ ገዥው ለችግኙ ብቻ ሳይሆን ለታማኝነቱም ይከፍለዋል።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፥ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ሥራ ወዲህ ችግኝ በየስፍራው ሲታደል ማን በገንዘብ ይገዛል? የሚለው ነው። ለተከላ የሚታደለው ችግኝና ለስጦታ የሚሸጠው ግን ልዩ ልዩ ዕቃዎች ናቸው። ስንዴ በየማሳው መኖሩ ዳቦ ጋጋሪን ሥራ አላሳጣውም። ገዥው የሚከፍለው ለተመረጠው ዘር፥ ለጸናው ሥር፥ ለማሰሮው፥ ለካርዱና ለመልእክተኛው ነው። እንዲያውም በዚያ ሥራ ችግኝ ማፍላትን የተለማመዱ ወጣቶች ለባለሱቁ ጥሩ አቅራቢዎች ይሆናሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። መስቀል ዝናቡ በሚያበቃበት ጊዜ ላይ ስለሚውል በዚያ ሰሞን በመሬት የተተከለ ለጋ ችግኝ በበጋው ሊደርቅ ይችላል። ማሰሮው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ተክሉ በጥላ ሥር በደጅ ተቀምጦ በየጊዜው ጥቂት ውኃ እያገኘ በጋውን ካለፈ በኋላ፥ ክረምት ሲገባ በሰኔ ወደ ጓሮ ይዛወራል። ባለሱቁ ይህን መመሪያ በአጭር ጽሑፍ ከስጦታው ጋር መስጠት ግዴታው ነው፤ የደረቀ ችግኝ ከሌላ ማስታወቂያ ሁሉ ይልቅ ፈጥኖ ስሙን ያጠፋበታልና።

አስመጪዎች በዚህ ንግድ የሚጐዱ መስሎ ሊታያቸው አይገባም። የፕላስቲክ አበባ ለማምጣት የሚያወጡትን ምንዛሪ የአትክልት መቀስ፥ ምርጥ የአበባ ዘርና የውኃ መርጫ ለማምጣት ቢያውሉት፥ ዕቃው ሥራ የሚፈጥር ስለሆነ ገዥው ተመልሶ ይመጣል። ላኪዎችም በርዝመቱ ብቻ ለአውሮፓ የማይበቃውን፥ ነገር ግን ጤናማ የሆነውን ጽጌረዳ በታወቀ ዋጋና በታወቀ ቀን ለክፍለ ሀገር ባለሱቆች ለማቅረብ ውል ቢገቡ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

ሥራው በጥሩ መሠረት ላይ እንዲቆም ጥቂት ደንቦችን መጠበቅ ይገባል። ሥር ያልያዘ ቅርንጫፍ ችግኝ ነው ተብሎ አይሸጥ። ከጫካ የተነቀለ የዱር ተክል አይቀርብ፤ እንደዚህ ያለው ንግድ ዕቃውን ከምንጩ ያጠፋልና። ተባይ የታየበት ተክል ከሌላው ይለይ። ዋጋው ማሰሮውንና ማድረሻውን ጨምሮ በግልጽ ይጻፍ። ችግኙ በ15 ቀን ውስጥ ያለ ተቀባዩ ጥፋት ቢደርቅ ባለሱቁ ይተካ። ለመስከረም የሚሸጠውም ከአፍይዎች ጋር በውል አስቀድሞ ይያዝ፤ በነሐሴ የጀመረ ባለሱቅ ለመስቀል ሊደርስ አይችልም።

የንግድ ማኅበረ ሰቡም ባለሱቆችን፥ ችግኝ አፍይዎችን፥ ሸክላ ሠሪዎችንና የአበባ ላኪዎችን አንድ ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢያገናኝ ከብዙ ንግግር የበለጠ ሥራ ይሠራል። ለመጀመር ታላቅ ካፒታል አያስፈልግም፤ 50 ማሰሮ፥ ጥላ ያለበት ጥግ፥ የትእዛዝ መዝገብና የታመነ መልእክተኛ ይበቃሉ። በመጀመሪያው መስቀል 50ው በሙሉ ባይሸጥ እንኳ ተራፊው ለገናና ለፋሲካ አድጎ ይጠብቃል። እንደዚህ ያለ ዕቃ በመደርደሪያው ላይ ያለው ነጋዴ ስንት ነው?