አራት ነጥቡን ከመስመሩ አውጡት!

«የእኛ ፊደል ለዲዛይን አይመችም» የሚለው ወሬ ሰለቸን። ፖስተሩ ሲንጋደድ ፊደሉ፣ የመጽሐፉ ገጽ ጠርዙ የተበላ ሲመስል አሁንም ፊደሉ! ፊደሉ ምን አደረገ?

ጀስቲፋይ የተደረገ የአማርኛ ዓምድ ያዙና ቀኝ ጠርዙን ከላይ እስከ ታች ተመልከቱ። በ«ም» ወይም በ«ው» ያለቀው መስመር ጠርዙን በቀለም ይሞላዋል። በ«።» ያለቀው ግን አራት ጥቃቅን ነጥቦች ብቻ ስለያዘ አጥሮ ይታያል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን እኩል ለክቷል፤ ዓይን ግን የሚያየው ቀለሙን ነው። ፖስተር ላይ ደግሞ ትልቁ «‹‹» የመጀመሪያውን መስመር ወደ ውስጥ ይገፋውና ጽሑፉ በሙሉ የተንጋደደ ይመስላል።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። ጉተንበርግ በ1450ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባተመው መጽሐፍ ቅዱስ ሰረዝና ነጥቡን ከዓምዱ ወደ ውጭ አውጥቶ ፊደላቱን ቀጥ አድርጎ አቁሟቸዋል። ዛሬ ኢንዲዛይን ላይ «ስቶሪ» በሚለው ፓነል «ኦፕቲካል ማርጅን አላይንመንት»ን መምረጥና መጠኑን ከጽሑፉ መጠን ጋር ማስተካከል ነው። ኢሌስትሬተርና ፎቶሾፕም ተመሳሳይ ትእዛዝ አላቸው፤ ስሙ ግን «ሮማን ሀንጊንግ ፐንክቹዌሽን» ነው። ሮማን! ለማን እንደተሠራ ስሙ ራሱ ይናገራል። የድረ ገጽ ደንቡ ሲኤስኤስም የላቲኑን፣ የዐረብኛውንና የእስያውን ነጥብና ኮማ ዘርዝሮ የእኛን «።» እና «፣» ሳይጠራ ያልፋል፤ «ሌላም መጨመር ይቻላል» በምትል ፈቃድ ብቻ ነው የምንገባው። ፊደላችን ዩኒኮድ ከገባ እኮ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው።

ግን ፈረንጅን ከመክሰሳችን በፊት የራሳችንን ጣት እንይ። ግማሻችን አራት ነጥብ የምንጽፈው ሁለት ጊዜ «፡» በመምታት ነው። ለሶፍትዌር ያ አራት ነጥብ አይደለም፤ ሁለት ሁለት ነጥብ ነው። ፊደላቱን ስታራርቁ ሁለቱ ይለያያሉ፤ «።» ብላችሁ ስትፈልጉም አይገኝም። እንዲህ የተጻፈን ነጥብ የትኛው ፕሮግራም አውቆ ወደ ውጭ ያውጣው?

«ሰው ዳቦ በቸገረው ዘመን ስለ ነጥብ?» የሚል ይኖራል። ወዳጄ፣ ነጋሪት ጋዜጣን ክፈት። አማርኛውና እንግሊዝኛው በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ቆመዋል። የእንግሊዝኛው ነጥብ ስንት ዓመት ሙሉ የታሰበበት ነው፤ ሕግ ሆኖ የሚገዛን አማርኛ ለምን እንግዳ ይምሰል?

አሳታሚዎች፣ ከአርታኢው በፊት «፡፡»ን በሙሉ በ«።» ተኩ። ዲዛይነሮች፣ ትእዛዙን ከመረጣችሁ በኋላ ገጹን አጉሉና «።» መውጣት አለመውጣቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ካልወጣ በእጅ አውጡት። ፖስተር ላይ ጥቅሱን ለብቻው በሌላ የጽሑፍ ሳጥን አስቀምጣችሁ ከግራ ጠርዙ ወደ ውጭ ግፉት፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጥያቄ ምልክቱን ግን ተዉት፤ እሱ ቁመቱም ቀለሙም ስላለው ውስጥ ቢቀር ይሻለዋል። ሶፍትዌሩን ገንዘብ ከፍላችሁ የምትጠቀሙ ድርጅቶች ደግሞ ለኩባንያው ጻፉ፦ የኢትዮጵያ ነጥቦች ከሮማኑ እኩል ይቆጠሩ በሉት።